የሚታይ ዳቦ፦ ከበርበራ ወደብ እስከ ጋአን ሊባህ ጓዳ

ባለፈው የገና ሰሞን እዚሁ ጋአን ሊባህ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ቡና ይፈላ ነበር። የቤቱ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሐርጌሳ ተወልዳ ሐርጌሳ ያደገች። የእናቷን ስልክ ይዛ መጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየችን። በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ አንድ አዳራሽ ሙሉ ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። መርከብ አለ፤ ባቡር አለ፤ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሁሉም ከቅመም ዳቦ ተጋግሮ በነጭ ስኳር የተሸለመ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው እያሳዩ ይዞራሉ።

«ይኼ ሁሉ ዳቦ ነው፤ ግን አይበሉትም፣ ያዩታል ብቻ» አለችን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እናቷን «እኛስ ልናየው የምንሄደው ዳቦ የለንም?» ብላ ጠየቀቻት።

እናትየው «እኛማ እንበላዋለን!» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ነጋዴ ነንና ነገሩን በንግድ በኩል ላየው ፈለግሁ። ይህ ዳቦ ከየት ተነሣ? በማን እጅ አለፈ? እኛ ጋስ ምን ደረሰ? የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ቅመሙ በደጃችን አልፏል

ፈረንጆች የዝንጅብል ዳቦ የሚሉት ነገር መሠረቱ ዱቄትና ማር ነው። ልዩ የሚያደርገው ቅመሙ ነው፦ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል። ከእነዚህ አንዱም የአውሮፓ አዝመራ አይደለም። ኖርዌዮች ስሙን «የቁንዶ በርበሬ ኬክ» ይሉታል። ጥንት በአውሮፓ ቁንዶ በርበሬ ከሩቅ የመጣ የውድ ቅመም ሁሉ አለቃ ስለነበር፣ ቅመም የገባበት ዳቦ በእርሱ ስም ተጠራ።

ይህ ቅመም ከሕንድና ከዚያ ማዶ ተነሥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ሲጓዝ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱ የእኛው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነበር። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ገደማ ስሙ ያልታወቀ፣ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ከግብፅ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን ወደቦች አንድ በአንድ የዘረዘረበት ጽሑፍ ትቷል። «ፔሪፕለስ» ይባላል። በእኛ አነጋገር የገበያ ደብተር ነው፦ እዚህ ወደብ ይኼ ይሸጣል፣ እዚያ ወደብ ይኼ ይፈለጋል። «ማላኦ» ብሎ የሚጠራት ወደብ የዛሬዋ በርበራ እንደሆነች የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ከዚያ የሚወጣውን ሲቆጥር ከርቤ፣ ጥቂት ዕጣን፣ ጠንካራ የቀረፋ ዓይነት ይላል። አልፎ አልፎም ባሪያ ይሸጥ እንደነበር ጽፏል፤ የንግዳችንን ታሪክ ስናወራ ይህን ዘለን ማለፍ አይገባንም።

የቀረፋው ነገር ለነጋዴ የሚያስቅ ታሪክ አለው። ሮማውያን ይህን የባሕር ዳርቻ «ቀረፋ አብቃይ አገር» ይሉት ነበር። ቀረፋ ግን እዚህ አይበቅልም፤ ከሕንድ በኩል በመርከብ መጥቶ በዚህ በኩል የሚያልፍ ዕቃ ነበር። በመካከል ያሉት ነጋዴዎች ምንጩን አልተናገሩም። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ትልልቅ ወፎች በቀረፋ እንጨት ጎጆ እንደሚሠሩና ሰዎች በዘዴ ከገደል ላይ እንደሚያወርዱት የሰማውን ጽፏል። ከ500 ዓመት ያህል በኋላ ሮማዊው ፕሊኒ፣ ይህ ሁሉ ተረት ዋጋ ለማስወደድ የተፈጠረ ነው ብሎ ጻፈ። ውጫሌ ላይ ዕቃ ያነሣ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። «ከየት አመጣኸው?» ለሚል ሰው እውነቱን የሚናገር ነጋዴ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

በርበራ እንዲህ ሆና ዘመናትን አለፈች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓመታዊ ገበያዋ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ይቆም ነበር። ከሐረርና ከኦጋዴን ሲራራ ነጋዴው በግመል ቡና፣ ቅቤ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይወርዳል። ከዐረብና ከሕንድ ደግሞ በመርከብ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይመጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ገበያው ይበተንና ከተማው ጭር ይላል። በ1855 ሐረርን አይቶ የተመለሰው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ገበያ በሰፊው ጽፏል። እኛ ዛሬ በጭነት መኪና የምንመላለስበት መንገድ ያኔ የግመል መንገድ ነበር ማለት ነው።

ዳቦውን ያቆሙት ነጋዴ ከተሞች ናቸው

ቅመሙ አውሮፓ ሲደርስ የገባው ነጋዴ ከተማ ውስጥ ነው። የጀርመኗ ኑረምበርግ ለዚህ ዋና ምሳሌ ናት። በዙሪያዋ ካለው ጫካ ማር ታገኛለች፤ የንግድ መንገዶች መገናኛ ስለሆነች ቅመም በደጇ ያልፋል። የዝንጅብል ዳቦ መጋገር በዚያች ከተማ በ1395 በመዝገብ ላይ ይገኛል፤ በ1643 ደግሞ ጋጋሪዎቹ የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ በኑረምበርግ ሳለ የራሱ መልክ የታተመበትን የቅመም ዳቦ 4000 ለሚሆኑ የከተማው ልጆች አስታደለ ይባላል። እንግዲህ ዳቦው ከጥንትም ለመብል ብቻ አልነበረም፤ መልክ የሚቀረጽበት፣ ልጅ የሚሰበሰብበት ነገር ነበር።

ቤት ሆኖ መሠራቱ ግን የተስፋፋው በኋላ ነው። ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ካሳተሟቸው ተረቶች በአንዱ፣ ሀንዝልና ግሬትል የሚባሉ ሁለት የተራቡ ልጆች ጫካ ውስጥ ከዳቦ የተሠራ፣ መስኮቱ ስኳር የሆነ ቤት ያገኛሉ። ተረቱ ሲስፋፋ ዳቦውን በቤት ቅርፅ መጋገርና በገና ሰሞን ለእይታ ማስቀመጥም አብሮ ተስፋፋ።

ልጅቷ ያሳየችን በርገንም ነጋዴ ከተማ ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች ወደቡ ዳር መጋዘናቸውን ከፍተው እህል እያስገቡ ደረቅ ዓሣ ያስወጡ ነበር፤ የሰፈራቸው የእንጨት ቤቶች ዛሬም ቆመው ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በዚህች ከተማ የቅመም ዳቦ ከተማው ትርኢት የተጀመረው በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተሰቦችና ድርጅቶች እየጋገሩ ያመጣሉ፤ ተሰባስቦ አንድ ከተማ ይሆናል። ለማየት የሚሄደው ቤተሰብ የሚያየው የራሱን ልጅ እጅ ሥራ ነው።

በ2009 ኅዳር ውስጥ ትርኢቱ ሊከፈት ሲል አንድ ሰው ሌሊት ገብቶ የዳቦውን ከተማ ሰባበረው። የከተማው ሰው ግን እንደገና ጋገረ። ልጆቹም፣ ትልልቆቹም፣ ባለ ዳቦ ቤቶቹም ተረባርበው ትርኢቱን ከፈቱት። ዱቄትና ስኳር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ዓመት ተዉት ይባል ነበር። ለልጆቻቸው የሚያሳዩት ነገር ስለነበረ አልተዉትም።

በዚያው ዓመት ሐርጌሳ

1991 ለእኛም ከተማ ትልቅ ዓመት ነው። የዳቦ ከተማ መፍረስን ከእውነተኛ ከተማ መፍረስ ጋር አላነጻጽርም፤ ዓመቱ ስለገጠመ ግን ሳላነሣው አላልፍም። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከጅጅጋ ወዲያ ያለው ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ግንቦት 18 ቀን 1991 ሶማሌላንድ ነጻነቷን አወጀች፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ወደ ፈረሰ ቤቱ ተመለሰ። መሐል ከተማ ሐውልት ሆኖ የቆመውን የሚግ አውሮፕላን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ያላያችሁ ካላችሁ አንድ ቀን እዩት። በበዓል ቀን ቤተሰብ ልብሱን ለብሶ እዚያ ሥር ፎቶ ይነሣል። ይህም ልጅን ይዞ ሄዶ ማሳየት ነው።

ከተማዋ ስትሠራ ከኢትዮጵያ ግንበኛውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ነጋዴውም መጣ። አንዳንዶቻችን በዚያ በኩል ገባን፤ ልጆቻችንንም እዚህ ወለድን። ከጎረቤቶቻችን መካከል አማርኛ የሚሰሙ አሉ፤ የት ተማራችሁ ሲባሉ የሚያወሩት የስደቱን ዘመን ነው። ያኔ እነሱ በእኛ በኩል እንግዳ ነበሩ፤ ዛሬ እኛ በእነሱ በኩል ነን።

ይዘነው የመጣነው ዳቦ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። የምናየው ዳቦ የለንም ወይ? አለን።

ድፎ ዳቦን አስቡት። ሊጡ ማታ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ይገባበታል። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ከላይም ኮባ ይለብሳል፤ እሳቱ ከታችም ከላይም ነው። ሲወጣ የኮባው ጅማት በጀርባው ላይ ታትሞ ይቀራል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። ልጅ በአጠገቡ ያልፋል፣ ጨርቁን ገልጦ ያያል፣ ይሸታል፤ አይነካም። ሽማግሌ ወይም የቤቱ አባወራ ባርኮ እስኪቆርሰው ድረስ ዳቦው የሚታይ ዳቦ ነው። ማርና ቅመም ገብቶበት የሚጋገረውን ዳቦም የሚያውቅ ያውቃል፤ ድንብላል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ከማር ጋር ሲገናኙ ሽታው ከኑረምበርጉ ብዙ አይርቅም። በአንድ መንገድ ያለፈ ቅመም ነውና አይገርምም።

ሙልሙል ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ በእኛ ዘንድ ቡሄ። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን በገለጠ ጊዜ፣ እረኞች ብርሃኑን አይተው ሳይመሽ መስሏቸው በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ተብሎ ይተረካል። ሙልሙሉ የዚያ ዳቦ መታሰቢያ ነው። በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ወንዶቹ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ይዞራሉ፤ እናቶች ለእያንዳንዱ ልጅ ሙልሙል ይሰጣሉ። ለክርስትና ልጅም ሙልሙል ይወሰድለታል።

ልብ በሉ፤ በርገን ልጁ የሰው ሁሉ ዳቦ ወደተሰበሰበበት አንድ አዳራሽ ይሄዳል። በእኛ ልጁ ራሱ እየዞረ ይሰበስባል። ማታ ሲመለስ በከረጢቱ ያለው ሙልሙል የሰፈሩ ካርታ ነው፦ ይኼ ቀጭኑ የእትዬ እከሌ፣ ይኼ ወፍራሙ የጋሼ እከሌ ቤት፣ ይኼ ትንሽ ያረረው ደግሞ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰፈሩን የሚያውቀው በዳቦው ነው።

እዚህ ምን ቀረ?

እውነቱን እንነጋገር። ሐርጌሳ ኮባ የለም። ጠላም ጠጅም የለም፤ የአገሩ ሕግ ይከለክላል፤ የእንግዳ ወጉ ሕግን ማክበር ነው። በየደጁ እየዞሩ መዝፈን፣ ችቦ መንገድ ላይ ማብራት እዚህ አይሆንም። በዓሉን በየቤታችን፣ በራችንን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናከብራለን። ይህ በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

ሱቅ የሚዘጋ ሰው የለም፤ ዕቃ በውጫሌ እየመጣ ነው፤ ስልኩ አያርፍም። ስለዚህ ከዳቦ ቤት ሩቲ ገዝተን «ያው ዳቦ ነው» እንላለን። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከሆነ ልጁ ቡሄ የሚባል ቀን መኖሩን ከስልክ ይሰማል። አገር ቤት ሆኖ ሙልሙል ያልጋገረ ሰው ልጁ ከጎረቤት ይማራል፤ መንገዱ ራሱ ያስተምረዋል። እዚህ መንገዱ አያስተምርም። እኛ ካላሳየነው የሚያሳየው የለም።

ኮባው ቢቀር ዳቦው አይቀርም። ወረቀት አንጥፎም ይጋገራል። ጥቁር አዝሙዱ ከአገር ቤት ይመጣል። ዝንጅብሉም እንዲሁ፤ ምንም እንኳ ከ2012 ወዲህ በደቡብ የገባው አጠውላጊ በሽታ ገበሬውን ክፉኛ ቢጎዳውም። ቀረፋውና ቅርንፉዱ በበርበራ በኩል ይገባል፤ የጎረቤቶቻችን ሻሂ ውስጥ በየቀኑ የምንጠጣው እሱኑ አይደል? ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ጓዳችን ውስጥ ነው። ያለ ቅመም የቀረ አንድም ቤት የለም። የጎደለው ልጁ የሚዞርበት ደጅ ነው።

ጎረቤቶቻችን ይህን አልተዉትም። ዒድ ሲደርስ ሐልዋ የሚሸጡበትን ሱቅ እዩት። ሄል የሸተተው፣ በቅቤ ያብለጨለጨው ሐልዋ በትሪ ተደርድሮ፣ አባት ልጁን ይዞ ያያል፣ ይቀምሳል፣ ያስመዝናል። ከዚያ በሣህን ለጎረቤት ይላካል። ኤዶ የምንላቸው የበራችን ጎረቤት በየዒዱ ሣህናቸውን ይልካሉ፤ በእኛ ወግ ሣህን ባዶውን አይመለስም። ሙስሊም ወገኖቻችንም የአገር ቤቱን ዒድ እንዲሁ ነው የሚያስታውሱት፤ ሐረሬዎች ከረመዳን በኋላ ስድስቱን ቀን ጾመው የሚያከብሩት ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዓል በየትኛውም እምነት ደጅ ለደጅ ካልተዟዟረ በዓልነቱ ይቀንሳል።

ለመጪው ቡሄ

ከዚያ የቡና ቀን በኋላ በጋአን ሊባህ የምንኖር አራት ቤቶች ተነጋገርን። ለመጪው ነሐሴ 13 እያንዳንዱ ቤት ሙልሙሉን ራሱ ይጋግራል፤ የተገዛ አይቆጠርም። ሊጡን የሚያድበለብሉት ልጆቹ ናቸው። የፈለጉትን ቅርፅ ይሥሩ፤ ቢጣመምም አይስተካከልም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትልቅ ሰው ጋር ከቤት ቤት ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ጩኸት የለም፤ ዘፈኑ ቤት ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፤ መጀመሪያ ያያሉ፣ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይሰጣቸዋል። ማታ አንድ ቤት ተሰብስበን ቆርሰን እንበላለን። ለኤዶም በሣህናቸው ይላካል።

አራት ቤት ትንሽ ነው። የበርገኑም መጀመሪያ ላይ እንደዛሬው አልነበረም። ሌላ ሰፈር ያላችሁ፣ ጅጅጋም ውጫሌም ያላችሁ፣ በየአላችሁበት ሁለት ቤት ሆናችሁ ብትጀምሩት ይበቃል። ከተቻለ አያቶችን ጠይቁ፤ በየአካባቢው የሙልሙል አሠራር ይለያያል፤ የጎንደሩንም የሸዋውንም ልጆቹ ይስሙት።

ለልጅቷም መልሱን ነገርኳት። «አለን፤ ግን ቆሞ አይጠብቅሽም፤ አንቺ ነሽ የምትሠሪው፣ አንቺ ነሽ የምትዞሪው» አልኳት። አሰበችና «እንግዲያው የእኔ ሙልሙል የጭነት መኪና ነው፤ አባዬ ከውጫሌ የሚመጣበት» አለችኝ። ጎማውን በምን እንደምትሠራው እስካሁን እየተጨነቀች ነው። ጥቁር አዝሙድ ብያታለሁ።